የካቡ አፍ

ኅዳር 4፣ ኦብሑር፣ ጅዳ

ከነገ ወዲያ ወደ ገጠር እንሄዳለን። ኦብሑር ተቀምጦ ገጠር ማለት ያስቃል። እዚህ ሣሩ እንኳ የሚኖረው በቧንቧ ነው።

የምሄደው ከሲቲ ጋር ነው። ሲቲ ማለት አያት ማለት ነው፤ የቤቱ ልጆች እንደዚያ ይሏቸዋል፣ እኔም ከልጆቹ ወሰድኩት። ስማቸው ኸይሪያ ነው፣ የአሠሪዬ የኢያድ እናት። ዓይናቸው ከጥላ በቀር ብዙም አያይም፣ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም። ከመካ ባሻገር ተራሮች መሃል ከአባታቸው የወረሱት መሬት አላቸው። በየዓመቱ ዝናብ ይጠበቃል በሚባልበት ወቅት እዚያ ካልተቀመጥኩ ይላሉ። ከእኔ በፊት ሁለት ሠራተኞች አብረዋቸው ሄደው ነበር። አንዷ ገጠሩን ጠልታ ሄደች፣ ሌላዋ የኢያድን ሚስት፣ ማዳምን፣ ጠልታ።

ዛሬ ሻይ ሳቀርብ ሳሎን ውስጥ ክርክር ነበር። ኢያድ መሬቱን ለአንድ ሰው ሊያከራየው ይፈልጋል። ሰውዬው ካቡን ሁሉ በዶዘር ደልድሎ ኢስቲራሓ ሊሠራበት ነው፤ የጅዳ ሰው ዓርብ ዓርብ እየሄደ የሚዋኝበት፣ ሥጋ የሚጠብስበት ቦታ።

«የሞተ መሬት ነው፣ ያ ኡሚ» ይላል ኢያድ። «ስንት ዓመቱ ነው አንድ ፍሬ ካላበቀለ?»

«ጎርፍ ሳይወርድ ምን ያብቅል? ይህን አንድ ወቅት ተወኝ። ጎርፍ ወርዶ ማሳዬ ሳይጠጣ ከቀረ ወረቀትህን አምጣ፣ ጣቴን አሳርፍበታለሁ። ከጠጣ ግን እስክቀበር ድረስ ስሙን አታነሣብኝም።»

«ኸላስ። ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ወጥ ቤት ስመለስ ማዳም አሚራ በስልክ ለእኅቷ ስታወራ ሰማሁ። «ይቺ ሦስተኛዋ ናት። አንድ ነገር ብታበላሽ ወደ መክተብ እመልሳታለሁ።» መክተብ የሚሉት ያስመጣኝን ኤጀንሲ ቢሮ ነው። ሲቲም ከሳሎን ሆነው ሰምተዋል፤ ሆን ብለው ሳል አደረጉ። እኔ ሰሐኑን አጠብኩ። መሬቱም ክርክሩም የእነሱ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ። የእኔ ሥራ የሲቲን መድኃኒት በሰዓቱ ማዋጥ ነው።

ኅዳር 6፣ ጀርወል

መካ አደርን። ቤተሰቡ ጀርወል ውስጥ በሁለት ሆቴሎች መሃል የተጣበቀ አፓርታማ አለው። ሲቲን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ሐረም ወሰድኳቸው። ለዝናብ ዱዓ አደረጉ፣ እኔም አሚን አልኩ። ካልኩ በኋላ ትዝ አለኝ። አገሬ ቃሉ ላይ፣ አባቴ ቤት፣ ማሽላው አሁን ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የኅዳር ዝናብ ለእሱ ጥፋት ነው። ቶሎ ብዬ ዱዓዬን አስተካከልኩ። እዚህ ብቻ፣ ያ ረብ፣ እዚያ አይሁን። አላህ ካርታ አያስፈልገውም፤ ልቤ እንዲያርፍ ነው።

ኅዳር 9፣ ሸለቆው

ሙሐመዲን አድርሶን ተመለሰ። ሹፌሩ ነው፣ የቆቦ ልጅ። በየሐሙሱ ዕቃ ያመጣልናል፣ ከዚያ በተረፈ ከሲቲ ጋር ሁለታችን ነን።

ከመኪናው ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ካብ ነው። ከተራራው ሥር እስከ ደረቁ ወንዝ ዳር ድረስ፣ ካብ ከካብ በታች፣ እርከን ሆኖ ወርዷል። ጉብታው ላይ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ በራቸው ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። ከፍርስራሹ ዝቅ ብሎ ዙሪያው በድንጋይ የተከበበ ጠፍጣፋ ዐለት አለ።

«አውድማ ነው» አልኩት ለሙሐመዲን።

«ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። አውድማ አውድማ ነው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሠራል።

ሲቲን ጠየቅኋቸው። «አባቴ አልሠራውም፣ የአባቴም አባት አልሠራውም» አሉ። «የሠሩት ሰዎች ስማቸው እንኳ ጠፍቷል። እኛ የፈረሰውን እየመለስን ነው የኖርንበት።» አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መጥቶ ሜትር ዘርግቶ ለካ፣ ከፍርስራሹ ጀርባ ያሉትን የመቃብር ጽሑፎች ፎቶ አነሣ፣ ከስምንት መቶ ዓመት አያንስም አለ፣ ሻይ ጠጣ፣ እንመለሳለን ብሎ ሄደ። ሲቲ ሻዩን እስከዛሬ አልረሱትም።

እኛም አገር ከአባቴ ማሳ በላይ ያረጀ መንደር አለ። ግድግዳው እስከ ወገብ ቀርቷል። የድሮ ሰዎች ናቸው ይባላል፣ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። የአባቴ እርከንም የእነሱ ነው። እኛ የፈረሰውን እየመለስን ነው የኖርንበት። አሁን ስጽፈው ነው የሲቲን ቃል መድገሜን ያየሁት።

ሌላ ነገር። ኦብሑር እጃቸውን ይዤ መታጠቢያ ቤት የማደርሳቸው ሴትዮ፣ እዚህ በከዘራ ብቻቸውን ካብ ለካብ ይሄዳሉ። ሮጬ ስከተላቸው «ምን ሆነሻል፣ ልትወድቂ ነው» አሉኝ።

ኅዳር 12

ሲቲ አልጋቸው ሥር የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አላቸው። ውስጡ ዱኽን ነው፣ የእኛን ዳጉሳ የሚመስል ደቃቅ እህል፣ ለዘር የተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ጆሮአቸው ላይ አድርገው ያንቀጫቅጩታል። ነቀዝ ገብቶ እንደሆነ በድምፁ ይታወቃል ይላሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ኅዳር 17

አባቴ በኢሞ ድምፅ ልኳል።

«ሀስዬ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ። የላይኛው ካብ ተንዷል። ሰው ላግኝ ብዬ ዞርኩ፣ ልጅ የሚባል የለም፣ ሁሉም እንዳንቺው ነው። እኔም ወገቤ አላስጎነብስ አለኝ። ለነገሩ ነው እንጂ ምን ታደርጊያለሽ።»

ሁለቴ ሰማሁት። ነገ እመልስለታለሁ።

ኅዳር 18

አልመለስኩም። የሚታጠብ ልብስ ነበረ።

ኅዳር 20

ሲቲ ከዙህር እስከ ዓስር ይተኛሉ። እኔ ሥራ ፈትቼ በካቡ ዳር ስዞር ከላይኛው ማሳ ጫፍ፣ በደረቁ ወንዝ በኩል፣ የተናደ ቦታ አገኘሁ። አንድ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበትን ያህል ይሰፋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቀዳዳ ክረምት ሳይገባ ካልተደፈነ፣ ጎርፉ ገብቶ ማሳውን ይዞት ነው የሚሄደው። ካብ ለምን ይካባል? ጎርፍ እንዳይገባ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሲቲ ዓይናቸው ስለማያይ ነው እንጂ እንዲህ ተከፍቶ አይተዉትም ነበር።

የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱ ጠርዞች በትልልቅ ድንጋይ ልክክ ብለው የቆሙ ናቸው። እንዴት ያለ ቆንጆ ንደት ነው አልኩ በልቤ። የወደቁት ድንጋዮችም ሩቅ አልሄዱም፤ እዚያው ፊት ለፊት ወንዙ ውስጥ አግድም ተሰልፈው ተኝተዋል።

እጠግነዋለሁ። ለሲቲ አልነግራቸውም፣ ሲደርሱበት ይደሰታሉ። ከአባቴ መልእክት ጋር ምንም አያገናኘውም። ሥራ ስለሌለኝ ነው።

ኅዳር 21

ጀመርኩ። ጓንት የለም። ሁለት ጥፍር።

ኅዳር 24

ግማሽ ደርሷል። ትልቁን ሥር፣ ረጅሙን ወደ ውስጥ፣ ትንሹን መሃል መወተፍ። እጄ አልረሳም። ሲቲ «ምን ሆነሽ ነው የምታቃስቺ?» አሉኝ። ወገቤ ነው አልኩ። «በዚህ ዕድሜሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

ኅዳር 27

ጨረስኩ። ላዩ ላይ ቆሜ ዘለልኩበት፣ አልተነቃነቀም። ወንዙ ውስጥ የነበሩትን ድንጋዮች አንድ ሳይቀር ነው የተጠቀምኩባቸው። አባቴ ቢያየው አንድ ቦታ ጣቱን ከትቶ «እዚህ ጋ ላላ» ማለቱ አይቀርም፤ ካላለ ቀኑን የዋለ አይመስለውም። ፎቶ አንሥቼ ልልክለት ነበር፣ ግን የራሱ ካብ ተንዶ የሰው ካብ ምን ይልካሉ። ተውኩት።

ታኅሣሥ 5

ኢያድ ኢስቲራሓ የሚሠራውን ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው ነጭ ጫማውን እያየ በካቡ ላይ ሄደ። «ድንጋዩ ጥሩ ነው፣ ለመግቢያው በር ይሆነናል» አለ። አውድማው ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ መዋኛው» አለ። ሲቲ ጥላ ሥር ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። ሲሄዱ «ውሃውን ከየት ሊያመጣው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በቦቴ ይሆናል አልኩ። «በቦቴ!» አሉ።

ሙሐመዲን መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልክ ያይ ነበር። እሱ ከመኪና አይወርድም፤ አቧራው ጫማዬን ያበላሽብኛል ይላል።

ታኅሣሥ 9

ደመና። ሄደ።

ታኅሣሥ 12

ወረደ።

ከዙህር በፊት ከላይ ተራራው ጠቆረ። እኛ ጋ ጠብ ያለው ለምስክር ያህል ነው። ሲቲ ግን ወንበራቸውን አስወጥተው ከላይኛው ማሳ ዳር አስቀምጪኝ አሉ። ጫማቸውን አወለቁ። «እግሬን ሲነካኝ አውቀዋለሁ» አሉ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ አኳኋናቸው ግን የልጅ ነበር።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ፣ ቀጥሎ ሽታው፣ ከዚያ ውሃው። ቡናማ ነው፣ እሾኽና የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዟል። ወንዙን ሞልቶ በካቡ ሥር እያጓራ አለፈ። እኔ ዓይኔ የጠገንኩት ቦታ ላይ ነበር። መታው፣ መታው፣ ንቅንቅ አላለም። አልሐምዱሊላህ አልኩ ጮክ ብዬ።

«ገባ?» አሉ ሲቲ።

«አልገባም፣ ሲቲ! አንዲት ጠብታ አልገባም!»

ለብዙ ጊዜ እግራቸውን መሬቱ ላይ እንዳደረጉ ተቀመጡ። ድምፁ እየቀነሰ፣ እየራቀ፣ ጠፋ። ከመግሪብ በፊት ወንዙ ጭቃ ብቻ ሆነ። ማሳው አቧራ እንደሆነ ነው። እግራቸውን አጥቤ አስገባኋቸው፣ የሚታጠብ ነገር ግን አልነበረበትም።

ታኅሣሥ 13

ጠዋት ሲቲ ከዘራቸውን ይዘው በካቡ ሄዱ። እያንዳንዱን ጥግ በከዘራ እየነኩ። ቀዳዳው የነበረበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ድንጋይ በድንጋይ።

«ይህን ማነው የካበው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲቲ። ተንዶ ነበር፣ ጠገንኩት።» ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳቸው።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«የአገርሽ አካካብ ነው?»

«አዎ፣ አባቴ ነው ያስተማረኝ።»

እጃቸውን ከድንጋዩ አላነሡም። «አባትሽ ጎበዝ ነው» አሉ። «ያ ሁሉ ጎርፍ መጥቶ አላነቃነቀውም።»

ከዚያ ቀኑን ሙሉ አልጋቸው ላይ ዋሉ። ደክሟቸው ይሆናል። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው።

ታኅሣሥ 14

ኢያድ ስልኩን እያሳየ ገባ፤ ጎርፉ በሸለቆው ሲወርድ ሰዎች ቀርጸው በየቦታው ለቀውታል። ማሳውን ዞሮ አየ።

«ወርዷል፣ ያ ኡሚ። ማሳው ግን አቧራ ነው።»

«አቧራ ነው።»

«ለምን?»

ሲቲ ፊታቸውን እኔ ወደቆምኩበት አዞሩ። ትሪ ይዤ ነበር። እንደማያዩኝ አውቃለሁ።

«ውሃው መንገዱን ቀይሯል» አሉ። «ወረቀትህን አምጣ።»

ጣታቸውን ቀለም ነክሮ አሳረፈላቸው። እኔ ሻይ ቀዳሁ። ኢያድ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ዕቃ ተጠቅልሎ ወደ ኦብሑር እንደምንመለስ ነገረኝ። ግንባራቸውን ስሞ ሲወጣ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። የሚፈልገውን አገኘ፣ ምን ሆነ ታዲያ።

ታኅሣሥ 17

ሙሐመዲን ለዕቃው ካርቶን ይዞ መጣ። ዛሬ ለጉድ ከመኪናው ወረደ፤ ጎርፍ ወርዶ ማሳው ለምን እንዳልጠጣ ሊያይ ነው። ካቡ ዳር ሄዶ ቆመ። ሲጠራኝ ድምፁ ሌላ ነበር።

«ሀሱ፣ ይህን ማነው የደፈነው?»

«እኔ ነኝ። ተንዶ ነበር።»

«የምን መናድ! ወላሂ እብድ ነሽ! አፉ ነው እኮ። ጎርፉ የሚገባበት አፍ ነው። ቆቦ እኛ በዚህ አይደል የምንጠልፈው? ጠርዙን አታይም፣ ምኑ ነው እንዲህ ልክክ ብሎ የሚናድ? እፊቱ ወንዙ ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ አልነበረም? አግድም የሆነ?»

«ነበር።»

«የት ሄደ?»

በጣቴ ካቡን አሳየሁት።

ቁጭ አለ። ከነነጭ ጀለቢያው አቧራው ላይ ነው ቁጭ ያለው። «ጎርፉን ወደ አፉ የሚገፋው እሱ ነበር» አለ። «እዚህ ዝናብ የለም፣ ያለው ጎርፍ ነው። ካብ የሚካበው እንዳይወጣ እንጂ እንዳይገባ አይደለም።»

ስምንት መቶ ዓመት ተከፍቶ የኖረ አፍ በሰባት ቀን ዘጋሁት።

በዚያው ማታ

እንቅልፍ የለም፣ ልጻፈው።

ሲቲ በእጃቸው ሲዳስሱት ነው ያወቁት። ያኔውኑ። «የአገርሽ አካካብ ነው?» ሲሉኝ አውቀዋል። እኔ ደግሞ ፊታቸው ቆሜ ሙገሳ ስጠብቅ ነበር። ለኢያድ አንድ ቃል ቢነግሩት፣ «አፉ ተዘግቶ ነው፣ ይህ አይቆጠርም» ቢሉት፣ ወረቀቱ ይቀር ነበር። ለምን እንዳልነገሩት አይገባኝም። ረስተውት ይሆናል። ያረጁ ሰዎች ይረሳሉ።

የማዳም ስልክ ትዝ አለኝ። ሲቲ ሳል ያደረጉት።

አይረሱም። ሲቲ አንድም ነገር አይረሱም፤ የአስተማሪውን ሻይ እንኳ አልረሱም። አሳፈረኝ። እኔን ለማትረፍ ማን ጠየቃቸው? የእኔ ካብ አይደለ፣ የእኔ መሬት አይደለ፣ ምን አገባኝ እያልኩ እኮ ነው የከረምኩት። ደግሞስ ምን ነካኝና የሰው ካብ ልጠግን ሄድኩ? የአባቴ ተንዶ አልነበር ወይ? ለእሱ እስካሁን አንድ ቃል አልመለስኩለትም። አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ ግን አልቅሻለሁ፤ እዚህ ሌላ የሚያነበው ስለሌለ ልጻፈው።

ታኅሣሥ 18

ሲቲ ዛሬ ቆርቆሮውን አላንቀጫቀጩም።

ታኅሣሥ 24

ዛሬ ሐሙስ ወጣን፤ አሁን ሌሊት ነው ጊዜ ያገኘሁት፣ ልጻፈው።

ሙሐመዲን በሱብሒ እንዲመጣ ለመንኩት። ሲቲ ሳይነሡ ወደ ካቡ ሄድን። መናድ ከመካብ የባሰ ከባድ ነው፣ በተለይ ራስህ ጥሩ አድርገህ የካብከው። «እንዲህ አጥብቀሽ የምትክቢው ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?» ይለኛል ሙሐመዲን። ድንጋዮቹን ወንዙ ውስጥ እሱ እንዳለኝ መልሰን ደረደርናቸው፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ፣ ትንሽ አግድም። ቆቦ አባቱ እንዴት እንደሚያደርግ እያስታወሰ፣ እያነሣ፣ እንደገና እያስቀመጠ። ጀለቢያው ጭቃ ሆነ፣ ምንም አላለም። አፉን እስከ ጠርዞቹ ድረስ አጠራነው።

ምን ያደርጋል? ምንም። ወረቀቱ ተፈርሟል፣ ዶዘሩ ቀን ተቆርጦለታል። እንዳገኘሁት ልተወው ብዬ ነው።

ሻንጣዬን ሲጭን «ድንጋዩን ነው እንዴ ይዘሽ የምትሄጂው?» አለኝ። ልብስ ነው አልኩት።

ሲቲ መኪናው ውስጥ ጅዳ እስክንደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «መስኮቱን ዝጊው» አሉ።

ታኅሣሥ 25፣ ኦብሑር

ነገርኩት። ኢያድ ከጁምዓ ተመልሶ ከሲቲ ጋር ተቀምጦ ነበር። ማዳምም ነበረች። በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ሁሉንም ነገርኩት። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ውሃው መንገዱን አልቀየረም፣ ሲቲ እያወቁ ነው የፈረሙት አልኩ።

ሲቲ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አሉ። «ዝጊው ብዬ። አትስማት።»

«አላዘዙኝም፣ ባባ» አልኩት ኢያድን።

«አዝዣታለሁ!»

ኢያድ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየ። ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ቢሆንም ፈርመናል» አለ። «ሰውዬው ማሽን ተከራይቷል። እሑድ ሳምንት ይጀምራል። ምን ላድርግ?» ለማን እንደሚል አላውቅም።

ማዳም ማታ ወጥ ቤት መጥታ ከረመዳን በፊት ወደ መክተብ እንደምመለስ ነገረችኝ። በቁጣ አልነበረም። ተም፣ እሺ፣ ማዳም አልኳት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 28

ጅዳ ዘነበ። ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፣ የጎረቤት መኪና ሲንሳፈፍ ልጆቹ በመስኮት ይቀርጻሉ። ማዳም ምንጣፍ ትሰበስባለች።

ለሲቲ እራት ይዤ ገባሁ። መስኮቱን ከፍተው ዝናቡን ይሰማሉ፣ እጅጌያቸው ርሷል።

«ከላይም እየዘነበ ነው» አሉ። «ድምፁ ረጅም ነው።»

«አዎ፣ ሲቲ።»

«አፉስ?»

ትሪውን አስቀመጥኩ። «ክፍት ነው። ሐሙስ ከመሄዳችን በፊት ከሙሐመዲን ጋር ከፈትነው። በወንዙ ውስጥ ያሉትንም መልሰናቸዋል።»

እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉኝ፣ ክንዴን አገኙ፣ ያዙት። ሾርባው ቀዘቀዘ።

ታኅሣሥ 29

ለአባቴ መለስኩለት። ደወልኩ እንጂ ድምፅ አልላክሁም። ሁሉንም ነገርኩት፣ አፉን፣ ጎርፉን፣ ሲቲን። ከዚያ፣

«ጎርፉ ሲመታው ግን አልተነቃነቀም?» አለ።

«ንቅንቅ አላለም፣ አባዬ።»

«ያውልህ!» አለ አጠገቡ ላለ ሰው። እስኪያስለው ሳቀ። የእኛ ካብ እንዴት ሆነ አልኩት። ወንድሙ መጥቶ ግማሹን መልሰውታል፣ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ይጨርሱታል። ላላ ነው ግን አለ፣ የአጎትሽን እጅ ታውቂው የለ።

ጥር 4

ዛሬ እሑድ ነው። ቁርስ ላይ ነበሩ፣ እኔ ዳቦ እያቀረብኩ። የኢያድ ስልክ ጮኸ። የኢስቲራሓው ሰውዬ ነው፤ ድምፁ ያለ ማጉያ ሳሎኑን ሞላው።

«ደረቅ ነው አላልከኝም? የሞተ ነው አላልከኝም? ዶዘሩ እስከ ሆዱ ገብቷል! ሊያወጣው የሄደውም መኪና ገብቷል! ከላይ እስከ ታች ውሃ ይዟል፣ እያንዳንዱ እርከን!»

ኢያድ ሊያረጋጋው ሞከረ። ሰውዬው መሬቱ እስኪጠነክር ምንም አልነካም አለ። ከዚያ ረመዳን ነው፣ ሠራተኛ የለም። ከዒድ በኋላ ብሎ ዘጋው።

ሲቲ ቴምር እያኘኩ ነበር። ፍሬዋን አውጥተው ሰሐኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ።

«ጠጣ?»

«ጠጣ፣ ያ ኡሚ» አለ ኢያድ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ነው የሚለው።»

«ፈርሜያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ከዒድ በኋላ ይግባ። እስከዚያ ግን መሬቱ የእኔ ነው። ዱኽን ከዒድ በፊት ይታጨዳል።»

ኢያድ ትንሽ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ዘር የት አለና? ሰውዬው ቤቱን አጽድቶታል። እዚያ የቀረው ዕቃ ሁሉ ተጥሏል።»

የሲቲ እጅ ጠረጴዛው ላይ ቆመ። እስከዛሬ ሲያረጁ አላየኋቸውም ነበር፤ ያኔ አየሁ።

«ሻንጣዬ ውስጥ ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሄጄ ቆርቆሮውን አመጣሁት፤ ሲቲ ትተውት ሲወጡ ከአልጋቸው ሥር አውጥቼ በሁለት ቀሚስ ጠቅልዬው ነበር። ሲቲ ተቀብለው ጆሮአቸው ላይ አድርገው አንቀጫቀጩት፣ ለረጅም ጊዜ።

«ሀሰና እኮ ወደ መክተብ ነው የምትሄደው» አለች ማዳም።

«ከዒድ በኋላ» አሉ ሲቲ። ከዚያ ወደ ኢያድ ዞረው፣ «ያላ፣ ሙሐመዲንን ጥራው። ምድሩ ሳይደርቅ።»